ሽልማቱ ለሚዛኑ ነው ወይስ ለታፔላው?



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንለጥፈው መዋጮ ያልከፈሉትን ስም፣ ውኃ የሚመጣበትን ተራና የጽዳት ቀን ነው። ዛሬ ግን ረዘም ያለ ነገር ለመጻፍ ተገደናል። ቆማችሁ የምታነቡት ስለሆነ እግራችሁ እንዳይዝል እንሰጋለን። ቢሆንም ነገሩ የሁላችንንም ጓዳ የሚነካ ነውና እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን፣ ማንበብ ለማይችሉትም እንድታነቡላቸው በቅድሚያ አደራ እንላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጪው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ በየሙያው ጥሩ ሥራ ለሚሠሩ የሰፈራችን ትንንሽ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ምስጋናና ሽልማት እንዲሰጥ ተወስኗል። ውሳኔው መልካም ነው፤ የተቃወመም የለም። ክርክሩ የመጣው "ለማን ይሰጥ?" ሲባል ነው። አንዳንድ አባላት "ለማኅበሩ ደህና ገንዘብ ለሚለግስ ይሰጥ፤ እሱም ደስ ይለዋል፣ ካዝናችንም ይሞላል" የሚል ሐሳብ አመጡ። በዚሁ ሰሞን ደግሞ አንድ "ሽልማት አዘጋጅ ነኝ" የሚል ሰው በየሱቁ እየዞረ "የዓመቱ ምርጥ" የሚል ዋንጫና የምስክር ወረቀት እንዳለው፣ ነገር ግን ለመመዝገቢያ፣ ለአዳራሽና ለፎቶግራፍ ገንዘብ መከፈል እንዳለበት ሲናገር ሰንብቷል። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። ለምን እንደማንስማማ ሳንደብቅ እንናገራለን።

የሚሸጥ ሽልማት ሽልማት አይደለም፤ ደረሰኝ ነው። ከፍሎ ለወሰደው ሰው ዋንጫው የሚመሰክርለት ገንዘብ እንዳለው ብቻ ነው። ስለ ሚዛኑ፣ ስለ እጁ ንጽሕና፣ ስለ ቃሉ አንዲት ነገር አይመሰክርም። ይህም ብቻ አይደለም። ዋንጫውን በመስታወት ውስጥ ያየ ሰው አምኖ ይገባል፤ አምኖ ገብቶም ይታለላል። ማኅበራችን ማኅተሙን ካሳረፈበት ደግሞ ውሸቱን አብረን ቸረቸርነው ማለት ነው።

ይህን ስንል የኛ እጅ ንጹሕ ነው ብለን አይደለም። ባለፈው ዓመት ስብሰባ "የሰፈሩ ምርጥ ድርጅት" የሚል ወረቀት በዚሁ ይህንን በሚጽፈው እጅ ተጽፎ ለአንድ ምግብ ቤት ተሰጥቶ ነበር። ምክንያቱ ምን ነበር? ወንበርና ድንኳን በነፃ አውሶን፣ ለስላሳም አቅርቦልን ነበር። እኛም አጨበጨብን። ስንወጣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ጫማ ሰፊ ቀና ሳይሉ፣ መርፌያቸውንም ሳያቆሙ፣ "ልጆቼ፣ የሸለማችሁት ወንበሩን ነው ወጡን?" ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው አጣን። ኮሚቴው ውስጥ በገዛ ገንዘቡ እዚያ ቤት ገብቶ የበላ አንድም ሰው አልነበረማ! ጋሼ ግን የዚህን ሰፈር ተማሪ ጫማ ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ገንዘብ ያልያዘ ልጅ ሲመጣ "ግድ የለም፣ አባትህ ደመወዝ ሲቀበል" ብለው ጫማውን አስረው የሚሸኙ ሰው ናቸው። የእሳቸው ስም ግን አልተነሣም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ ነው። ስለዚህ ጥፋት በኮሚቴው ስም ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁለተኛ ግን አንደግመውም።

እንግዲህ ጥሩ ሥራ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ዋንጫ ለሁሉም ሙያ አይሆንም። የወፍጮ ቤት ጥሩነት ሌላ ነው፣ የልብስ ሰፊ ጥሩነት ሌላ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሙያ በራሱ መለኪያ ማየት አለብን። እስቲ በየተራ እንያቸው።

ወፍጮ ቤትን እንውሰድ። ጥሩ ወፍጮ ቤት በማሽኑ አዲስነት አይታወቅም። ድንጋዩን በጊዜው ያስወቅራል፤ ያልተወቀረ ድንጋይ እህሉን ያግላል እንጂ አያደቅምና። ከተወቀረ በኋላም የመጀመሪያውን ፍጭ በራሱ ፉርሽካ ይሞክራል እንጂ ጠጠሩን በሰው ጤፍ ላይ አያራግፍም። በርበሬ የፈጨበትን ሳያጸዳ የሕፃን ገንፎ እህል አይጨምርበትም። ከሁሉም በላይ ዱቄቱ ከመቀበያው ጨርቅ ውስጥ ተራግፎ ለባለቤቱ መድረሱን ያያል። አሥር ኪሎ ሰጥታ ዘጠኝ ተኩል ተሸክማ የምትሄድ እናት "ብናኝ ነው" ተብላ ትሸኛለች። ብናኝማ አለ፣ እናውቃለን። ግን ብናኙ አንዱ ወፍጮ ቤት አንድ ጭብጥ፣ ሌላው ወፍጮ ቤት ግማሽ ኪሎ የሚሆነው ለምንድን ነው? ነፋሱ ቤት ይመርጣል እንዴ?

እንጀራ ጋግረው የሚሸጡትን እህቶቻችንን እንይ። ሊጡ በደንብ ቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎለት፣ ዐይኑ ወጥቶ የተጋገረውን እንጀራ ከጥሬው ለመለየት የዚህ ሰፈር ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ ወይም ማሽላ መቀላቀል ነውር አይደለም፤ አቅም ነው። ነውሩ የተቀላቀለውን "ንጹሕ ማኛ ነው" ብሎ መሸጥ ነው። አንዲት እህታችን ገዢ ሲመጣ "ይኼ ድብልቅ ነው፣ ይኼ ንጹሕ ነው፣ ዋጋቸውም ለየብቻ ነው" እያለች ትሸጣለች። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ፣ ማር ከስኳር ጋር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ወሬ ስንት ጊዜ ሰምተናል? በእንዲህ ያለ ዘመን ያለውን እንዳለ ተናግሮ የሚሸጥ ሰው ካልተመሰገነ ማን ሊመሰገን ነው?

ባለሱቅን ደግሞ የሚፈትነው ክፉ ቀን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ የሆነውን አንረሳውም። አዲስ ዕቃ ገና ሳይገባ፣ በአሮጌ ዋጋ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ የነበረ ዘይት በማግስቱ "የለም" ተባለ። በሳምንቱ በአዲስ ዋጋ ብቅ አለ። ዘይቱ የት ከርሞ ነው? ጠበል ሄዶ ነበር? እትዬ የምንላቸው ባለሱቅ ግን "እኔ በድሮው ዋጋ ነው የገዛሁት፤ ሲያልቅ አዲሱን ዋጋ እነግራችኋለሁ" ብለው የነበረውን በነበረበት ዋጋ ሸጠው ጨረሱ። ሁሉም ጋ እንዲዳረስ ለአንድ ቤት ከአንድ በላይ አልሰጡም። መልሶ ለሚቸረችርማ ጭራሽ አልሸጡለትም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ ሲባልና ሎሚና ነጭ ሽንኩርት እሳት ሲሆን እንዲሁ ነበር ያደረጉት። የዱቤ መዝገባቸውን አይተነዋል፤ የዚህ ሰፈር ታሪክ የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው። ማን እንደታመመ፣ የማን ደመወዝ እንደዘገየ፣ ማን ልጅ እንደዳረ ሁሉ ከዚያ ይታወቃል፤ እሳቸው ግን ለማንም አያወሩም። የሱቃቸው ታፔላ ዝጎ ፊደሉ አይነበብም። በታፔላ ከሸለምን እሳቸው መቼም አይሸለሙም።

ልብስ ሰፊውን ብንወስድ ደግሞ መለኪያው ቃሉና ቁራጩ ነው። "ሐሙስ ና" ብሎ ሐሙስ የሚያስረክብ ልብስ ሰፊ ስንት አለ? ለመስከረም የተሰጠው ዩኒፎርም ለጥቅምት ከደረሰ ልጁ ወር ሙሉ ከበር ሲመለስ ከረመ ማለት ነው። ጥሩ ልብስ ሰፊ ልጅ እንደሚያድግ አስቦ ከሱሪው ግርጌ ሦስት ጣት ያህል አጥፎ ይተዋል፤ በዓመቱ ይፈታና እንደገና ይለበሳል። የተረፈችውን ቁራጭ ጨርቅም ጠቅልሎ ይመልሳል። ቁራጯ ምን ታደርጋለች አትበሉ፤ ለጉልበቱ መጣፊያ ትሆናለች።

ሌሎቹንም እንዲሁ በአጭሩ እንለፍ። ጎሚስታው ጎማውን የወጋውን ምስማር አውጥቶ ለባለመኪናው የሚያሳይ ነው? መካኒኩ የለወጠውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ያስረክባል? ጸጉር አስተካካዩ አዲስ ምላጭ ዐይናችን እያየ ይከፍታል? በር የሚበይደው ልጅ ውፍረቱን የተነጋገርነውን ላሜራ ነው የሠራበት ወይስ ቀለም ቀብቶ ቀጭኑን አቀበለን? ጉልት ላይ የተቀመጠችው እናት ቲማቲሙን ስትደረድር የሸተተውን ከስር ትደብቃለች ወይስ ለብቻ መድባ "ይኼ ለወጥ ነው፣ ዛሬውኑ ይሠራ" ብላ በርካሽ ትሸጣለች? እንዲህ ያለውን ነገር ከሩቅ የመጣ ዳኛ አያውቀውም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። የሚያውቀው በየቀኑ የሚገዛው ጎረቤት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። አንዳንድ ሰዎች "ታማኝ ነጋዴ ዋጋውን ከእግዜር ያገኛል፤ የኛ ወረቀት ምን ያደርግለታል?" ይላሉ። እግዜርማ ይከፍለዋል። እኛ ግን በምድር እያከሰርነው ነው! እንዴት ቢሉ እናስላው። ለምሳሌ አንዱ ሽንኩርት ኪሎውን በ100 ብር ይሸጣል፤ ሚዛኑ ሙሉ ነው። ሌላው 95 ብር ይላል፤ ሚዛኑ ግን 900 ግራም ነው። እኛ 5 ብር አተረፍን ብለን ወደ ሁለተኛው እንሮጣለን። ነገር ግን በእሱ ሒሳብ ሙሉ ኪሎ ብንገዛ ከ105 ብር በላይ ነው የሚመጣብን። አተረፍን ስንል ከ5 ብር በላይ ተሰርቀናል። ሚዛን የሚሰርቀው ርካሽ መስሎ ገበያው ይደራል፤ ሙሉ የሚመዝነው "ውድ ነው" ተብሎ ይታማል፣ ደንበኛው ይሸሻል፣ ኪራዩን መክፈል ያቅተዋል፣ አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተዘግቶ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ማን ቀረልን? ሚዛን ሌባው። ያን ጊዜ 95 ብር የሚል ይመስላችኋል?

ስለዚህ የኛ ሽልማት የጭብጨባ ጉዳይ አይደለም። ታማኙን በስሙ ጠርተን፣ ምን እንዳደረገ ጽፈን፣ ለሰፈሩ ሁሉ ካላሳወቅን ገበያው ሌባውን ይሸልመዋል። አሁንም እየሸለመው ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ከዚያ ወደኛ ሰፈር የመጡ ጎረቤቶች አሉን። ምን ናፈቃችሁ ብለን ስንጠይቃቸው ቤቱን አይደለም የነገሩን። "ስማችንን የሚያውቅ ባለሱቅ፣ ልኬታችንን የሚያውቅ ልብስ ሰፊ" አሉን። አዲስ ቤት ቁልፍ ሲሰጥ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው መተዋወቅ ግን በስንት ዓመት ተሠርቶ በአንድ ሳምንት ይበተናል። እኛ ሳንበተን በእጃችን ያለውን ካላወቅን መቼ ልናውቅ ነው?

ሌላም ያስቆጨን ነገር አለ። ለነዚህ ሰዎች ያለን አመለካከት የቆየ በሽታ አለበት። አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን እየሰደቡ፣ "ቡዳ" እያሉ እየሸሹ፣ ነገር ግን በነሱው ማረሻ እያረሱ፣ የነሱኑ ሸማ እየለበሱ፣ በነሱው ድስት እየበሉ ኖረዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ዛሬም ልጃችን ትምህርት ሲሰንፍ "ሊስትሮ ነው የምትሆነው!" እንለዋለን። ሊስትሮው አጠገባችን ቁጭ ብሎ እየሰማ፣ ጫማችንንም እየጠረገ እኮ ነው!

በሀገር ደረጃ ግብራቸውን በታማኝነት የከፈሉ ትላልቅ ድርጅቶች ፕላቲኒየም፣ ወርቅና ብር በሚል ደረጃ እውቅና ሲሰጣቸው በቴሌቪዥን አይተናል። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማትም ከሕዝብ ጥቆማ እየተቀበለ በየዘርፉ ለይቶ ሰዎችን አክብሯል። መልካም ነው። ነገር ግን ትልቁን የሚያይ ትልቅ ዐይን አለ፤ የኛን ጉልት፣ የኛን ወፍጮ፣ የኛን ጫማ ሰፊ ለማየት ከኛ በቀር ማንም አይመጣም።

አሁን ለሚነሡት ተቃውሞዎች መልስ እንስጥ።

"ማኅበሩ ገንዘብ ያስፈልገዋል" ለሚሉ፦ እውነት ነው፣ ያስፈልገዋል። መለገስ የሚፈልግ ይምጣ፤ ደረሰኝ እንቆርጥለታለን፣ በስብሰባ እናመሰግነዋለን፣ ስሙንም እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። ልግስና ሌላ ነው፣ ሙያ ሌላ ነው። የለገሰ "ለጋስ" ይባል፤ ሳይገባው "ምርጥ ልብስ ሰፊ" አይባል።

"ሽልማት ቅሬታ ያመጣል፣ ያጣላናል" ለሚሉ፦ ኧረ አሁንስ መች ተዋደድን! በየሱቁ በር በሚዛን ምክንያት ስንት ጠብ ነው የምናየው? ቅሬታው አለ፤ ጎዳና ላይ ከሚሆን በስብሰባ ላይ በምክንያት ቢሆን ይሻላል። ለምን እንደተመረጠ ከተጻፈ ያልተመረጠውም ለሚቀጥለው ዓመት ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

"ጉልቶቹ ፈቃድ የላቸውም፣ እንዴት ይሸለማሉ?" ለሚሉ፦ ፈቃድ የሚሰጥም የሚጠይቅም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የኛ ወረቀት የንግድ ፈቃድ አይደለም፤ የጎረቤት ምስጋና ነው። ፈቃድ ማውጣት ለሚፈልጉት ግን ማመልከቻ እንጽፍላቸዋለን፣ አብረናቸውም እንሄዳለን።

"ኮሚቴው ለዘመዱ ያደላል" ለሚሉ፦ ይህ ፍርሃት ተገቢ ነው። የምናፍርበትም ነገር የለምና እንናገር፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባለቤት ጉልት ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። ስለዚህ ጉልት በሚዳኝበት ቀን ጸሐፊው ከስብሰባው ይወጣል፤ ባለቤቱም በዘንድሮው ውድድር አትገባም። እሷም ሰምታለች፤ ደስ ባይላትም ተስማምታለች። ሌሎቹም የኮሚቴ አባላት እንዲሁ እንዲያደርጉ እንጠይቃለን።

ስለዚህ ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ሽልማቱ በሙያ በሙያ ይለይ፤ ሱቅ ከሱቅ፣ ወፍጮ ከወፍጮ፣ ጉልት ከጉልት ጋር ይታይ። ብቻውን ያለ ባለሙያም ብቻውን ነው ተብሎ ዝም ብሎ አይሰጠው፤ የሚገባው ከሆነ ብቻ ይሰጠው። በአንድ ሙያ የሚገባው ከጠፋ ያ ሙያ ዘንድሮ ይዝለል።

ሁለተኛ፣ ጥቆማው ከነዋሪው ይምጣ። ከዚህ ሰሌዳ ሥር ሣጥን እናስቀምጣለን። "ጥሩ ሰው ነው" ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ምን እንዳደረገ ይጻፍ። መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶች እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ቤት ብቅ ይበሉ፤ እነሱ ይንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን። ብዙ ያልተማርን ብንሆንም የተነገረንን ሳናጣምም መጻፍ እንችላለን።

ሦስተኛ፣ ሚዛን ይፈተን። ሦስት ሽማግሌዎች ሳይነገር ሄደው እንደማንኛውም ሰው ይግዙ፤ የገዙትን ማኅበሩ ቤት አምጥተው በሌላ ሚዛን ይመዝኑ። የጎደለበትን ሰው በዚህ ሰሌዳ ላይ ስሙን አንለጥፍም፤ ማዋረድ ዓላማችን አይደለም። ለብቻው ተጠርቶ ይነገረው፣ ሚዛኑን ያስተካክል። ዋንጫ ግን አይታሰብ!

አራተኛ፣ ሽልማቱ ጌጥ አይሁን። ቢጫ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ዋንጫ አቧራ ከመጠጣት በቀር ምን ይጠቅማል? ለጫማ ሰፊው ዝናብ የሚከለክል ጥሩ ጥላ፣ ለጉልቷ ሸራ፣ ለባለሱቋ ታፔላቸውን ማደሻ ቀለም ይሁን። ከዚህም ጋር ምክንያቱ በግልጽ የተጻፈበት፣ የጎረቤቶች ፊርማ ያለበት ወረቀት ይሰጣቸው።

አምስተኛና ዋነኛው፣ ማኅበሩ ራሱ ከተሸለሙት ይግዛ። ለለቅሶ፣ ለስብሰባ፣ ለበዓል የምናዘው እንጀራ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ የወንበር ጥገና ሁሉ በመጀመሪያ ለነሱ ይሰጥ። በአፍ አመስግኖ በኪስ ሌላ ቤት መሄድ ሽንገላ ነው።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ የመጨረሻው ቃላችን ለእናንተው ነው። ይህ ሁሉ ጉዳይ በኮሚቴ ብቻ አይሠራም። ዛሬ ማታ እንጀራ ስትገዙ፣ ነገ ጤፍ ስታስፈጩ፣ ታማኙን ለይታችሁ "እግዜር ይስጥልን" በሉት። ዱቤ ያለባችሁ ዱቤያችሁን ክፈሉ፤ ባለሱቋን እያመሰገንን ገንዘባቸውን ብናስቀር ምስጋናችን ምን ይረባል? ይህን የሚጽፈው እጅም ትናንት የነበረበትን ዱቤ ከፍሎ ነው ብዕር ያነሣው።

ጋሼ ጫማ ሰፊው አሁንም እዚያው ማዕዘን ላይ ናቸው። ባለፈው ዓመት የጠየቁንን ጥያቄ ዘንድሮ በስብሰባው ላይ መልሰው ቢጠይቁን ዐይናቸውን እያየን መመለስ እንፈልጋለን።

ምስጋና ለሚዛን እንጂ ለታፔላ አይሁን!

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው